ቁርጥራጭ ጨርቅ፦ በአቡጀዲ ላይ መደርደር ወይስ እኩል አራት ማዕዘን መገጣጠም?

ለደሴ ብርድ የሚሆን 150 በ180 ሳንቲ ሜትር የአልጋ ልብስ ቤት ከተጠራቀመ ጨርቅ በሁለት መንገድ ይሰፋል።

አራት ማዕዘኑ 12 በ12 የተቆረጡ 270 ቁራጮች ይፈልጋል፤ በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ስፌት ሲበላው 10 በ10 ይቀራል። ሥር የሚገባ ጨርቅ ስለማይጠይቅ ወጪው ያንሳል። ችግሩ ልኬት ነው፦ በየቁራጩ 2 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ 15ኛው ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ማዕዘኑ አይገጥምም። ቲሸርት ደግሞ እየተለጠጠ ያስቸግራል።

መደርደሩ ፍርፋሪ እንኳ አያስጥልም። ወርዱ 150 የሆነ 3 ሜትር አቡጀዲ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ 34 በ34 የሆኑ 30 ቁራጮች ይወጡታል። መሃሉ ላይ አምስት ጎን ያለው ጨርቅ ያስቀምጡ። ሁለተኛውን መልክ ከመልክ ገጥመው ከጠርዙ 7 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው ይስፉ፤ ገልብጠው በካውያ ይጫኑ። እንዲህ እየዞሩ አቡጀዲው እስኪሸፈን ይቀጥሉ፣ ከዚያ 32 በ32 ይከርክሙት። ስፌቱ አቡጀዲውን ስለሚሰበስበው ነው 2 ሳንቲ ሜትር ትርፍ የተያዘው። በአቡጀዲ ፋንታ አሮጌ ነጠላ አይሞከር፤ ሳስቶ ይጎተታል። ጥለቱ ግን መጋጠሚያ ላይ ሲሰፋ ያምራል! ቀይ ጨርቅ ለብቻው ቀድሞ ይታጠብ፤ ፖሊስተር በጋለ ካውያ ይቀልጣል።

ለደሴ መደርደሩ ይሻላል፤ ያረጀ ጋቢ መሃል ገብቶ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በእጅ ይወጋል። ለኮምቦልቻ ሙቀት አራት ማዕዘኑ በስስ ገበር ይበቃል።