ከሮም ወደ ቺቪታቬኪያ ወደብ፦ ባቡር፣ የጋራ አውቶቡስ፣ ቫን ወይስ ታክሲ?

የሜዲትራኒያን የመርከብ ጉዞ የሚሸጡ ድርጅቶች በትኬታቸው ላይ መነሻውን «ሮም» ብለው ይጻፉት እንጂ፣ ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች የሚቆሙበት ወደብ ሮም ከተማ ውስጥ አይደለም። መርከቡ መንገደኛውን የሚጠብቀው ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቲሬኒያ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በቺቪታቬኪያ ነው። ወደቡን በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠራው የሮም ንጉሠ ነገሥት ትራያኑስ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ የመዝናኛ መርከብ መንገደኞች ያልፉበታል። ብዙ ሰው ስለ መርከቡ ክፍል፣ ስለ ሰገነቱና ስለ ምግቡ ለወራት ሲያነጻጽር ይቆይና ይህችን 70 ኪሎ ሜትር የሚያስታውሳት ሻንጣውን በሚዘጋበት ቀን ነው። ስለዚህም በአንድ ቀን ወደ አንድ መርከብ ከሚሄዱ ሁለት ሰዎች አንዱ 10 ዩሮ፣ ሌላው 150 ዩሮ ከፍሎ እኩል ሲደርሱ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

አማራጮቹን ከማነጻጸር በፊት የሚለካው ምን እንደሆነ መወሰን ያስፈልጋል። ጉዞው ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ከማረፊያ ቤት እስከ መነሻው፣ ከሮም እስከ ቺቪታቬኪያ፣ ከዚያም ከቺቪታቬኪያ ጣቢያ እስከ መርከቡ ደረጃ። ማስታወቂያዎች የሚነግሩን በአብዛኛው የመካከለኛውን ዋጋ ብቻ ሲሆን፣ ገንዘብና ትዕግሥት የሚያልቀው ግን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ላይ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ንጽጽር ሦስቱንም አንድ ላይ ይዞ ይሄዳል፤ የሁሉም ዋጋ በዩሮ ነው፤ የክልል ባቡርና የከተማ ትራንስፖርት ታሪፍ ካልሆነ በቀር ሌሎቹ እንደ ወቅቱና እንደ ድርጅቱ ከፍና ዝቅ የሚሉ ግምቶች ናቸው።

የክልል ባቡር

በዋጋ ረገድ «ሬጆናሌ» ከሚባለው የክልል ባቡር ጋር የሚወዳደር የለም። ከተርሚኒ፣ ማለትም ከሮም ዋናው የባቡር ጣቢያ፣ እስከ ቺቪታቬኪያ ያለው ትኬት ለብዙ ዓመታት 4.60 ዩሮ ሲሸጥ የቆየ ነው፤ ለዕቅድ 5 ዩሮ ገደማ ብሎ መያዝ ይበቃል። ይህ ዋጋ ከአንድ ወር በፊት ቢገዛም ባቡሩ ሊነሣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቢገዛም አይለወጥም፤ ወንበርም በቁጥር አይያዝም፤ ስለዚህ ቶሎ ካልተገዛ ይወደዳል ብሎ መቸኮል እዚህ ላይ ምክንያት የለውም። ጉዞው ባቡሩ በሚቆምባቸው ጣቢያዎች ብዛት መጠን ከ50 እስከ 80 ደቂቃ ይወስዳል፤ ቀኑን ሙሉም በየሰዓቱ ቢያንስ አንድ ባቡር ይገኛል።

ብዙ ጎብኚዎች የሚስቱት ግን ከየትኛው ጣቢያ መሳፈር እንዳለባቸው ነው። ባቡሩ ከተርሚኒ ተነሥቶ በኦስቲየንሴ፣ በትራስቴቬሬና በሳን ፒየትሮ በኩል ያልፋል። ቫቲካን አጠገብ ያረፈ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ በሜትሮ ወደ ተርሚኒ ቢሄድ፣ ከዚያ ከተሳፈረ ከሃያ ደቂቃ ያህል በኋላ ተመልሶ በማረፊያው አጠገብ በሳን ፒየትሮ ጣቢያ በኩል ሲያልፍ ራሱን ያገኘዋል። በተርሚኒም ቢሆን ወደ ቺቪታቬኪያ የሚሄዱት ባቡሮች የሚቆሙት ከ25 ቁጥር በላይ ባሉት መድረኮች ላይ ሲሆን፣ እነዚህ ከዋናው አዳራሽ ራቅ ብለው ስለሚገኙ በሻንጣ አሥር ደቂቃ ያህል ያስኬዳሉ። በሌሎቹ ጣቢያዎች ይህ ድካም የለም፤ የትኬቱም ዋጋ ያው ነው።

ከመሳፈር በፊት አንድ ግዴታ አለ። የወረቀት ትኬት የገዛ ሰው መድረኩ አጠገብ በሚገኘው ትንሽ ማሽን ላይ ትኬቱን ማስመታት፣ በስልኩ የገዛ ደግሞ ከመሳፈሩ በፊት ቼክ ኢን ማድረግ ይኖርበታል። ትኬት ይዞ ይህን ያላደረገ መንገደኛ እንደሌለው ሊቆጠርና ከትኬቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊቀጣ ይችላል፤ በርካሹ መንገድ ላይ ውድ ከሚሆኑ ስሕተቶች የመጀመሪያው ይኸው ነው። ሁለተኛው የወቅት ጉዳይ ነው፤ በበጋ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ላዲስፖሊ፣ ሳንታ ሴቬራና ሳንታ ማሪኔላ ወደሚባሉት የባሕር ዳርቻ ከተሞች ለመዋኘት የሚሄደው የሮም ሕዝብ ሁሉ በዚሁ ባቡር ይሳፈራል፤ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ የያዘ ሰው ያን ጊዜ መቀመጫ ማጣቱ ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሚያሳርፍበት ቦታም ይቸግረዋል።

ከጣቢያው እስከ መርከቡ

ርካሹን ከርካሽ መስሎ ከሚታየው የሚለየው ይህ ክፍል ነው። የቺቪታቬኪያ ባቡር ጣቢያ ለባሕሩ ቅርብ ነው፤ በሚካኤል አንጄሎ ስም የሚጠራው ምሽግ ወደሚገኝበት ወደ አሮጌው ወደብ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የመዝናኛ መርከቦቹ የሚቆሙት ከዚያ አልፎ በረጅሙ የባሕር ግድብ ላይ ስለሆነ፣ መርከቡን በዓይን እያዩ በእግር መድረስ አይቻልም። የመርከብ መንገደኞች የሚሰበሰቡበት ቦታ ላርጎ ዴላ ፓቼ ይባላል፤ ከዚያ ወደ እያንዳንዱ መርከብ የሚወስደው የወደቡ ማመላለሻ አውቶቡስ በነፃ ነው። ከባቡር ጣቢያ እስከ ላርጎ ዴላ ፓቼ ያለው አውቶቡስ ግን በጥቂት ዩሮ የሚከፈልበት ሲሆን፣ በእግር ለመሄድ የወሰነ ሰው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ቀላል ሻንጣ ለያዘና ፀሐዩ ላልበረታበት ሰው መንገዱ ሜዳ ነው፤ በሐምሌ እኩለ ቀን ከሕፃናት ጋር ግን አልመክረውም።

ከዚሁ ወደብ ወደ ሰርዲኒያና ወደ ባርሴሎና የሚሄዱ ጀልባዎችም ስለሚነሡ፣ አውቶቡሱ ላይ ከመሳፈር በፊት የመርከቡን ስም ለሹፌሩ መንገር ጥቂት ሰከንድ የሚወስድ ጠቃሚ ጥንቃቄ ነው።

ስለዚህ የአንድ ሰው የባቡር ጉዞ ሙሉ ዋጋ፣ የአውቶቡሱ ተጨምሮ፣ 10 ዩሮ ገደማ ይሆናል፤ ጊዜውም ከሳን ፒየትሮ ጣቢያ እስከ መርከቡ ያለ ችኮላ ሁለት ሰዓት ነው።

ፈጣኖቹ ባቡሮች

ኢንተርሲቲ የሚባሉትና ሌሎቹ ፈጣን ባቡሮች ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ቺቪታቬኪያ ይደርሳሉ። መቀመጫው በቁጥር የተያዘ፣ ለሻንጣም የተሻለ ቦታ ያለው ነው። ዋጋው በተሳፈሩበት ቀን ሲገዛ የክልሉን ባቡር ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ የሚተርፈው ጊዜ ግን ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ብቻ ነው። በሳን ፒየትሮም ስለማይቆሙ፣ ያንን የተረፈ ጊዜ ወደ ተርሚኒ በመሄድ መልሶ የሚያጣው ብዙ ነው። መቀመጫው እርግጠኛ መሆኑ የሚያስጨንቀው ሰው ካልሆነ በቀር ጥቅሙ ተጨማሪውን ክፍያ አያካክስም።

የጋራ አውቶቡስ፣ የመርከብ ድርጅቱ አውቶቡስ

የግል ድርጅቶች የሚያሠሩት የጋራ ማመላለሻ ከሮም ማዕከል ለአንድ ሰው ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 40 ዩሮ ያስከፍላል። መርከቡ አጠገብ ያደርሳል፤ ሻንጣ ማውረድና ማንሣትም የለም። ጉድለቱ በየማረፊያ ቤቱ እየቆመ መንገደኛ ስለሚሰበስብ፣ መጀመሪያ የተሳፈረ ሰው ከሮም ሳይወጣ አንድ ሰዓት ሊያሳልፍ መቻሉ ነው። ከመክፈል በፊት መነሻው አንድ ቦታ ይሁን ወይም ብዙ ቦታ ይሁን መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

የመርከብ ድርጅቱ ራሱ የሚያቀርበው አውቶቡስ ደግሞ ለአንድ ሰው ብዙ ጊዜ ከ50 ዩሮ በላይ ነው፤ ከሁሉ ውድ የሆነው የወንበር ዋጋም እሱ ነው። ለዚህ ገንዘብ የሚገኘው ነገር ምቾት ሳይሆን መታወቅ ነው፤ አውቶቡሱ በመንገድ መዘጋት ቢዘገይ ድርጅቱ መንገደኞቹ የት እንዳሉ ያውቃል፤ በራሱ የመጣ ሰው ግን ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቀውም። በዚያው ቀን ረጅም በረራ አድርጎ ለሚመጣ ሰው ይህ ዋስትና ሊያዋጣ ይችላል። ከአንድ ቀን በፊት ሮም ገብቶ ያደረ ሰው ግን ዋስትናውን በማደሩ አስቀድሞ ገዝቶታል፤ ሁለት ጊዜ መክፈል አያስፈልገውም።

ቫንና ታክሲ

ጣሊያኖች ተሽከርካሪን ከነሹፌሩ በቅድሚያ የሚከራዩበትን አገልግሎት «ኤን ቺ ቺ» ይሉታል፤ ዋጋው ከጉዞው በፊት ተቆርጦ ይታወቃል። እስከ ስምንት ሰው የሚይዝ ቫን ከሮም ማዕከል እስከ መርከቡ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 200 ዩሮ ይጠየቅበታል። ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ያስደነግጣል፤ በሰው ሲካፈል ግን መልኩ ይለወጣል። 180 ዩሮ ለስድስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 30 ዩሮ ነው፤ ይህም ከጋራ ማመላለሻው ጋር እኩል ሆኖ፣ ከራሳቸው በር ተነሥተው በፈለጉት ሰዓት ይሄዳሉ። በመርከብ ድርጅቱ አውቶቡስ ቢሄዱ ኖሮ እነዚሁ ስድስት ሰዎች 300 ዩሮና ከዚያ በላይ ይከፍሉ ነበር። አራት ሰው እንኳ ቢሆኑ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ ስለዚህ አራትና ከዚያ በላይ ለሆነ ቤተሰብ የድርጅቱን አውቶቡስ መምረጥ የሚያስረዳ ምክንያት ለማግኘት ይከብዳል። ባቡሩ ግን ለስድስት ሰውም 60 ዩሮ ገደማ ስለሆነ፣ ውድድሩ በገንዘብ ብቻ ቢሆን እርሱን የሚያሸንፍ አይኖርም፤ ቫኑን የሚያስመርጡት አረጋዊ ወላጅ፣ የሕፃን ጋሪና የሻንጣው ብዛት ናቸው።

ነጩ የከተማ ታክሲ በመንገድ ላይ ሲያዝ ከ100 ዩሮ በላይ የሚያስከፍል ሲሆን፣ አራት ሰው ከትልልቅ ሻንጣ ጋር የማይችልበት ጊዜም አለ። ከመግባት በፊት ዋጋው የተቆረጠ ነው ወይስ በታክሲሜትር ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባቡር በማይሠራበት ቀን እንጂ በሌላ ቀን የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይገባውም።

በቀጥታ ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣ

ብዙ ሰው በልማድ ወደ ተርሚኒ በሚሄደው በሊዮናርዶ ኤክስፕሬስ ባቡር 14 ዩሮ ከፍሎ ይገባና ከዚያ ወደ ወደቡ ይመለሳል። ወደብ ብቻ ለሚሄድ ሰው ይህ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው በ8 ዩሮ የሚነሣው የከተማ ዳርቻ ባቡር ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ትራስቴቬሬ ያደርሳል፤ እዚያው ጣቢያ ውስጥ ወርዶ የቺቪታቬኪያን ባቡር መያዝ ገንዘብም ጊዜም ይቆጥባል።

አድማና የሰዓት ስሌት

በጣሊያን «ሾፔሮ» የሚባለው የሥራ ማቆም አድማ የተለመደ ነው፤ ባቡርን የሚመርጥ ሰው ሊፈራው ሳይሆን ሊያውቀው ይገባል። በ1990 የወጣው 146 ቁጥር ሕግ አስፈላጊ በሚባሉ አገልግሎቶች ላይ አድማ ከመደረጉ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ማስታወቂያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የክልል ባቡሮችም በሥራ ቀናት ከ6፡00 እስከ 9፡00 እና ከ18፡00 እስከ 21፡00 ባለው ጊዜ፣ በአገሩ ሰዓት አቆጣጠር፣ በአድማ ቀን እንኳ የተረጋገጡ ጉዞዎች አሏቸው። ስለዚህ ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት የአድማ ማስታወቂያ መኖሩን ያየ ሰው ጠዋት በማለዳ ተነሥቶ በ5 ዩሮው ባቡር ሊሄድ ይችላል፤ ያላየው ግን በዕለቱ ታክሲ ፍለጋ ይሰለፋል።

ብዙ የመርከብ ድርጅቶች መርከቡ ሊነሣ 60 ወይም 90 ደቂቃ ሲቀረው መግቢያውን ይዘጋሉ። መርከቡ በ17፡00 የሚነሣ ቢሆን በሩ በ15፡30 ሊዘጋ ይችላል፤ ላርጎ ዴላ ፓቼ ላይ አንድ ሰዓት ትርፍ ከተያዘ 14፡30 መድረስ፣ ለዚህም ከሮም ቢዘገይ ቢዘገይ 12፡30 በሚነሣ ባቡር መሳፈር ያስፈልጋል። እኔ በ11፡00 የሚነሣውን እመርጣለሁ፤ አንድ ባቡር ቢሰረዝ ቀጣዩ ሳያስጨንቅ ይደርሳልና።

እንግዲህ ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ለሚሄድ፣ ሻንጣውንም ራሱ ለሚያነሣ ሰው፣ ለማረፊያው ከሚቀርበው ጣቢያ የሚነሣው የክልል ባቡር ነው ምርጫው። አምስትና ስድስት ሆነው ከአረጋውያን ወይም ከሕፃናት ጋር ለሚሄዱት ደግሞ በቅድሚያ የተያዘ ቫን ይሻላል። የጋራ ማመላለሻው በመካከል ያለ፣ ሻንጣ ለከበደባቸው ሁለት ሰዎች የሚሆን ነው።

በመመለሻው ቀን ነገሩ በከፊል ይገለበጣል። መርከቡ በማለዳ ይደርስና ሺህዎች በተመሳሳይ ሰዓት ስለሚወርዱ፣ በላርጎ ዴላ ፓቼም ሆነ በባቡር ጣቢያው የትኬት መሸጫ ሰልፍ ይረዝማል፤ ትኬቱን ከዋዜማው በስልክ የገዛ ሰው በቀጥታ ወደ መድረኩ ያልፋል። ከመርከቡ ለአንድ ቀን ብቻ ወርዶ ሮምን አይቶ ለሚመለስ መንገደኛ ደግሞ «ቢርግ» የሚባለው የላትሲዮ ክልል የቀን ትኬት አለ፤ 12 ዩሮ ገደማ ሲሆን የባቡሩን ደርሶ መልስና የሮምን ሜትሮና አውቶቡስ ይይዛል። ሁለቱ የባቡር ጉዞዎች ለየብቻ 9.20 ዩሮ፣ አንድ የሜትሮ ትኬት ደግሞ 1.50 ዩሮ መሆናቸው ሲታሰብ፣ ቢርግ የሚያዋጣው በከተማዋ ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚሳፈር ሰው ብቻ ነው፤ በሳን ፒየትሮ ወርዶ በእግሩ ለሚዞረው መደበኛው ትኬት ይበቃዋል።