ቤት የሆነችው ዶልፊን፦ ከሁለት ውሾች ጋር 9 ወር

ኅዳር ላይ ነው የጨረስኳት። አሮጌ ዶልፊን (የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ)፣ ታክሲ ሆና ዓመታት የሠራች፣ ፋይቭ ኤል የሚባለው ናፍጣ ሞተር ያላት። ወንበሮቹን አስወጥቼ አልጋ፣ መሳቢያ፣ ትንሽ ፍሪጅና ጣሪያዋ ላይ ሶላር አስገጠምኩላት። አሁን ነሐሴ ነው። ላንጋኖ አምስት ጊዜ፣ ሐዋሳ ሁለት ጊዜ፣ ወንጪ አንዴ ሄደናል፣ የቢሾፍቱን አልቆጠርኩትም። ሰፈር ውስጥ ያየኝ ሁሉ "እንዴት ሆነችልህ?" ስለሚለኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ለምን ዶልፊን? መጀመሪያ ያሰብኩት መኪና ጣሪያ ላይ የሚዘረጋውን ድንኳን ነበር። ጓደኛዬ አለው፣ አሪፍ ነገር ነው። ግን ትልቁ ውሻዬ ነብሮ 34 ኪሎ ይመዝናል። መሰላል አይወጣም፣ እኔም አዝዬው አልወጣም። ቡቺ የሀበሻ ውሻ ናት፣ ቀላል ናት፣ እሷ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ካስቀመጧት ትንቀጠቀጣለች። ስለዚህ በሩ መሬት ላይ የሚከፈት ነገር አስፈለገኝ፣ አለቀ።

ውጭ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በየዓመቱ ውሻውን ይዞ ባሕር ዳርቻ ካምፕ ያደርጋል። "እናንተስ ጥሩ ባሕር ዳርቻ አገኛችሁ?" ሲለኝ ሳቄ መጣ። ከ1985 ወዲህ የምን ባሕር? የኛ ባሕር ዳር ራሷ ያለችው ጣና ላይ ነው። እኛ ጋ ያለው ሐይቅ ነው፣ እሱም ከበቂ በላይ ነው፣ ችግሩ ውሻ ይዞ መግባቱ ላይ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከቤት ወጥቼ በ10 ደቂቃ የአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ ላይ ነኝ። ሞጆ ላይ ወደ ሐዋሳ መስመር ታጥፌ እስከ ባቱ እንደዚያው በፈጣን መንገድ፣ ከባቱ በኋላ የድሮው መንገድ፣ ማለትም ባጃጅ፣ ጋሪ፣ አህያና መሀል አስፋልት ላይ የምትተኛ ላም። በ80 ስነዳት ምንም አትልም። ከ90 በላይ ግን መሳቢያዎቹ አብረው መዝፈን ይጀምራሉ። ነዳጅ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ እቆጥራለሁ።

የዶልፊን ሞተር የሚገኘው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ይሄን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እኔ ግን ከውሻ አንጻር አስቤው አላውቅም ነበር። ወደ ስምጥ ሸለቆ ስትወርዱ ከታች ያለው ላሜራ ይግላል። ነብሮ ከሹፌሩ ኋላ መተኛት የሚወድ ውሻ ነው። ሞጆ ሳንደርስ ተነስቶ፣ ምላሱን አንጠልጥሎ፣ "ይሄ ምንድን ነው?" በሚል ዓይን ያየኛል። ወፍራም ጎማ ምንጣፍና ከሥሩ ሙቀት መከላከያ አነጠፍኩበት። ተሻሻለ እንጂ አልጠፋም። ወንጪ የሄድን ጊዜ ግን ያው ጉድለት ሕይወታችንን አዳነ ማለት ይቻላል። ወንጪ ከፍታው 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቡቺ ከመኪናዋ አንድ ቦታ ብቻ መርጣ ተኛች፣ ሞተሩ ላይ። ሌሊት ቀዝቅዞ ሲያልቅ ደግሞ መጥታ እኔ ላይ። ውሃ ዳር ነው ብላችሁ ላንጋኖን የሚመስል ነገር እንዳትጠብቁ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ለላንጋኖው የመጀመሪያ ጉዞ ቀድሜ ደውዬ ነበር።

"ውሻ ይዤ መምጣት ይቻላል?"

"ችግር የለውም፣ ይምጡ።"

በሩ ላይ ጥበቃው አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ነብሮን አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "ጋሼ፣ ይሄማ ውሻ አይደለም፣ አንበሳ ነው!" ሥራ አስኪያጅ ተጠራ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ዕረፍት ወጥታለች። "ውሻ ስትሉ ትንሽዋን መስሎን ነው" ተባልኩ። አንድ ሰዓት ተኩል በር ላይ ቆመን ተመለስን። የቦታውን ስም አልጽፍም፣ ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም።

ሁለተኛው ቦታ በሰላም አስገባን። ቦታው ልብ የሚሰርቅ ነው፣ የግራር ጥላ፣ መኪናዋ ከውሃው 20 እርምጃ። ሻይ ጣድኩ። ሲመሽ ጥበቃው የግቢውን ውሾች ፈታቸው። አራት ናቸው። ያን ሰዓት ነው የገባኝ። ቡቺ መኪናው ሥር ገብታ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ጋ ተጣበቀች፣ ነብሮ በሩ ላይ ቆሞ አላሳልፍም አለ፣ እኔ በአንድ እጄ የነብሮን ማሰሪያ በሌላው መጥረጊያ ይዤ፣ ባለቤቴ ከውስጥ "በሩን ዝጋው! በሩን ዝጋው!" ትላለች፣ ማንን አስገብቼ ነው የምዘጋው? ቡቺ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተቀደደ። ሻዩ ገንፍሎ አለቀ። ደግነቱ ሁለቱም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸውን በየዓመቱ ይወስዳሉ፣ ካርዱም መኪናው ውስጥ ነበር። እሱን ካርድ ፕላስቲክ አስለብሳችሁ ያዙት። በር ላይ ሳሳየው ፊታቸው የተፈታ ጥበቃዎች አሉ።

ከዚያ ወዲህ "ውሻ ይፈቀዳል?" ብዬ አልጠይቅም። "እናንተ ስንት ውሻ አላችሁ? ማታ ይፈታሉ?" ነው የምለው። አብሬም የነብሮን ፎቶ ከጎማው አጠገብ አቁሜ አንስቼ እልካለሁ፣ ልኩን እንዲያዩት። የሚመልስልኝን ሰው ስም እጽፋለሁ። ጄኔሬተሩ የት እንደሆነም እጠይቃለሁ፣ እሱ ግን ለራሴ እንቅልፍ ነው።

የላንጋኖ ውሃ ሻይ በወተት ይመስላል። ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ሰው የሚዋኘው እዚያ ነው። ባቱና ሐዋሳ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ እኔ እግሬን አልነክርም፣ ውሾቹንም በማሰሪያ ነው የማስጠጋቸው። ጉማሬም አለ፣ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ነብሮ ደግሞ ማንንም የሚፈራ አይመስለውም። የሚፈራውን ያገኘሁት ሐዋሳ አሞራ ገደል ነው። ዓሳ አስጠብሰን ስንበላ አንድ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ራሰ በራውን ይዞ፣ እጁን ወደ ኋላ እንዳደረገ ሽማግሌ፣ ቀስ እያለ መጣና ነብሮ ፊት ቆመ። ነብሮ ተነሳ። ወፉ አልተነሳም። አንድ ጊዜ ምንቃሩን ቀጭ አደረገ። የኔ አንበሳ ዞሮ እግሬ ሥር ገባ።

ወደ መኪናዋ ልመለስ። የላንጋኖ ጭቃ ደቃቅ ነው፣ ውሻ ላይ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል፣ ዱቄቱ ፍራሽ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የጨርቅ ሽፋን ነበር ያሰፋሁት፣ ከሁለት ጉዞ በኋላ አልታጠብ አለ። በሸራ ቀየርኩት። ወለሉ ኮምፔንሳቶ ላይ የተነጠፈ ፕላስቲክ ነው፣ በመጥረጊያ ይወጣል። አልጋው የተበየደባቸው ቦታዎች ግን በስድስት ወር ዝገት አሳይተዋል። በያጁ ቀለም ሳይቀባ ነው የዘጋው፣ እኔም ቆሜ አላየሁትም።

ሶላሩ 200 ዋት፣ ባትሪው 100 አምፔር-ሰዓት ሊትየም ነው። በጋ ላይ ፍሪጅ፣ መብራትና የውሾቹ ፋን ሌሊቱን ሙሉ ሠርተው ጠዋት ግማሽ ያህል ይተርፋል። ሐምሌ ቢሾፍቱ ላይ በሁለተኛው ቀን ፍሪጁን አጥፍቻለሁ። አንድ ስህተት ግን ሠርቻለሁ፦ ግራር ጥላ ሥር ማቆም ለውሻ ገነት ነው፣ ለሶላር ሞት። አሁን ፓኔሉን ነቅዬ በረጅም ሽቦ ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ትንኝ ነገር። ላንጋኖ ከ2,000 ሜትር በታች ነው፣ የወባ አገር ነው። ተንሸራታቹን በር ከፍታችሁ ውሻ ሲገባና ሲወጣ ትንኙም አብሮ ይገባል። አጎበር ቆርጬ፣ መሀሉን ሰንጥቄ፣ ጠርዙ ላይ ማግኔት አሰፋሁበት። ነብሮ በሦስተኛው ቀን ለመደው። ቡቺ እስካሁን ካልተከፈተልኝ ብላ ትቆማለች። በሩ ያለው በቀኝ በኩል ብቻ ስለሆነ ስታቆሙ ቀኙን ወደ ውሃው አድርጉት። ግቢ በሌለበት ቦታ በሩ ወደ መንገድ ከዞረ የከብት እረኛ ልጆች "ሰሬ! ሰሬ!" (በኦሮምኛ ውሻ ማለት ነው) እያሉ ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ ዕረፍት የለም።

ሌሊት ውሻ ውጭ አይታሰርም። ጅብ አለ። አንድ ሌሊት ላንጋኖ ላይ ሁለቱም እኩል ተነሱ፣ አልጮሁም፣ የጀርባቸው ፀጉር ብቻ ቆመ፣ የውሃ ሳህናቸው ወለሉ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ላሜራው ቀጭን መሆኑን ያን ሌሊት አስታወስኩ።

ቁመቷ አጭር ነው፣ ጎንበስ ብላችሁ ነው ሱሪ የምትለብሱት፣ ወገብ ያለው ሰው ያስብበት። ሌላው ሊብሬዋ ነው፣ 12 ሰው ይላል። ቦሎ ላሳድስ ስሄድ "ወንበሩስ?" ተብዬ ተመለስኩ። አልጋው በብሎን የሚፈታ ስለሆነ ወንበሮቹን መልሼ ገጠምኩ። እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ወንበሮቹንም እንዳትሸጡ።

እሸጣታለሁ? አልሸጣትም። ባለቤቴ ታኅሣሥ ላይ "ይሄን ብረት" ትላት ነበር፣ አሁን መጋረጃ እያሰፋችላት ነው። ከመስቀል በኋላ እንደገና ላንጋኖ፣ ምሥራቁን ዳርቻ። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ነበር። "ውሻ አለን፣ አንድ፣ አርጅቶ ጥርስ የለውም" አሉኝ። የተንሸራታቹ በር ኩሽኔታ አልቋል፣ ሶማሌ ተራ ሄጄ እሱን ካገኘሁ ተነስተናል።