የታናሽ ወንድሜን ኮምፒውተር በልኩ ለመረጠልን ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ስሙን አልጠራም፤ እንዳልጠራው የጠየቀኝ ራሱ ነው። ሥራው ኮምፒውተር መጠገንና መገጣጠም ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር ልንገዛ ተነስተን ግራ ሲገባን ያገኘነው ልጅ ነው። ከሠራልን ሦስት ወር አልፎታል። ማሽኑ አንድም ቀን አላስቸገረንም። ዝም ብል ውለታው ይከብደኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመው ገንዘብ ነበረው። ትንሽ እኔ ጨመርኩለት። ብዙ አይደለም፤ ለእሱ ግን ሁሉ ነገሩ ነው። መጀመሪያ የሄድንበት ሻጭ ገና ከመግባታችን "ኮር አይ ሰቨን አለኝ" አለን፤ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል ስም ነው። የወንድሜ ፊት በራ። እኔም አይ ሰቨን ከአይ ፋይቭ ይበልጣል፣ አይ ፋይቭ ደግሞ ከአይ ስሪ ይበልጣል ብዬ ነው የማውቀው። ልንከፍል ትንሽ ሲቀረን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ የማውቀውን ልጅ አናግሪው" አለችኝ። እግዜር ይስጣት።

ሻጩ ጋ በስልክ ያነሳነውን የኮምፒውተሩን ፎቶ አሳየነው። ፎቶውን አጉልቶ የፕሮሰሰሩን ቁጥር አየ። 2600 ይላል። "እህቴ፣ ይሄ እኮ በፈረንጆች የ2011 ነው" አለኝ። አራት ኮር (ሥራውን የሚሠሩ ክፍሎች)፣ ስምንት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) አለው። ከዚያ በ2022 የወጣውን ኮር አይ ስሪ 12100 አነሳልን። እሱም አራት ኮር፣ ስምንት ትሬድ ነው። በቁጥር እኩል ናቸው። በመካከላቸው ግን አሥራ አንድ ዓመት አለ፤ አዲሱ አይ ስሪ በጌም አሮጌውን አይ ሰቨን ጥሎት ይሄዳል። አሮጌው የሚቀበለው ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ዲዲአር 3 የሚባለውን የድሮ ትውልድ ነው። ነገ ፕሮሰሰሩን ላሻሽል ብንል ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ማዘርቦርዱንም ራሙንም አብረን መጣል ሊኖርብን ነው። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ልጁ ይህን ሲያይ ትከሻውን መታ አድርጎ "አይዞህ፣ ገና አልከፈልክም" አለው። ያቺን ቃል አልረሳትም።

ከዚያ ስለ ዕቃ ማውራት ትቶ ጥያቄ ጀመረ። ምን ዓይነት ጌም ነው የምትጫወተው? በየትኛው ስክሪን? ያለህ ገንዘብ ስክሪንና ኪቦርድን ይጨምራል ወይስ ለሳጥኑ፣ ለኮምፒውተሩ አካል፣ ብቻ ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ እኔም ወንድሜም አስበነው አናውቅም። ገንዘቡን በሙሉ ለሳጥኑ አውለነው ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩን የምናይበት ስክሪን አይኖረንም ነበር። ወንድሜ ኳስና ተኩስ ነው የሚወደው፤ ሙሉ ኤችዲ፣ ማለትም 1080፣ ይበቃዋል። በወረቀቱ አናት ላይ "1080" ብሎ ጻፈና አከበበው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሐሳብ ሁሉ በዚያች ክብ ነበር የሚመዝነው። ውድ ነገር ባነሳን ቁጥር ጣቱን ክቧ ላይ ያሳርፋል።

የገንዘቡን አከፋፈል ሲያስረዳን ከጠቅላላው ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉ ለግራፊክስ ካርዱ ይሂድ አለ። ጌሙን የሚስለው እሱ ነው። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ማነቆ እንዳይሆንበት ያህል ጠንካራ ይሁን እንጂ ከዚያ አይለፍ። የመረጠልን የኤኤምዲን ራይዘን 5 5600 ነው። ስድስት ኮር፣ አሥራ ሁለት ትሬድ፤ ማቀዝቀዣው በማሸጊያው ውስጥ አብሮት ይመጣል። ወንድሜ አዲሱን ኤኤም5 ሶኬት፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን የፕሮሰሰር መቀመጫ፣ ጠይቆት ነበር። አልተቆጣውም፣ አልናቀውም። ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር 5 ብቻ ስለሆነ ማዘርቦርዱና ራሙ ተደምረው የግራፊክስ ካርዱን ድርሻ እንደሚበሉበት ደምሮ አሳየው። በዚያ ላይ 5600 በሚቀመጥበት በኤኤም4 ማዘርቦርድ ላይ ነገ ገንዘብ ሲገኝ 5800ኤክስ3ዲን የመሰለ ጠንካራ ፕሮሰሰር መተካት ይቻላል። ማዘርቦርዱን ቢ550 የሚባለውን ዓይነት ያደረገውም በምክንያት ነው። የቀድሞዎቹ ቢ450ዎች ባዮሳቸው (ሲበሩ መጀመሪያ የሚነሳው ውስጣዊ ፕሮግራም) ካልታደሰ እንደ 5600 ያሉትን የ5000 ተከታታይ ፕሮሰሰሮች ላያውቋቸው ይችላሉ። ለማደስ ሌላ ፕሮሰሰር መዋስ ሊያስፈልግ ነው።

ግራፊክስ ካርዱ ላይ ብዙ ቆየን። ወንድሜ ያገለገለ አርኤክስ 580 በርካሽ አግኝቶ ነበር። ልጁ "አምጣውና እንየው" አለ። ባለቤቱን አስፈቅደን አመጣነው። የራሱ ማሽን ላይ ሰካውና ጂፒዩ-ዜድ የሚባለውን ፕሮግራም ከፈተ። ሼደር ከሚለው ቃል፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ ካሉት ጥቃቅን ኮሮች ብዛት፣ አጠገብ 2048 ይላል። ሙሉው አርኤክስ 580 ግን 2304 ነው ያለው። ስሙ አንድ ሆኖ የተቀነሰ ዓይነት አለ ማለት ነው። ሊሸጥልን የነበረው ሰው ይህን ይወቅ አይወቅ አላውቅም፤ ካርዱን በሰላም መለስንለት። አርቲኤክስ 3050ም እንዲሁ ነው አለን። የ2022ቱ ባለ 8 ጊጋና የ2024ቱ ባለ 6 ጊጋ የሚለያዩት በሜሞሪ ብቻ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው የኮር ብዛትም ከ2560 ወደ 2304 ወርዷል። መጨረሻ ላይ አርኤክስ 6600 ያዝን። 8 ጊጋ አለው፤ የሚበላውም 132 ዋት ብቻ ነው። ለ1080 ከበቂ በላይ ሆኖልናል።

አሁን ለዕቃው ሁሉ ኤሌክትሪክ ወደሚያከፋፍለው ወደ ፓወር ሰፕላዩ ልምጣ። ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ሥር የሰደደው እዚህ ላይ ነው። እኔ ቁጠባ መስሎኝ ከሌላ ቦታ አንድ ፓወር ሰፕላይ ገዝቼ ሄጄ ነበር። ሳጥኑ ላይ በትልቁ 650 ዋት ይላል። ተቀበለኝና መጀመሪያ በእጁ መዘነው። ቀላል ነው። ከዚያ ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሰንጠረዥ በእጅ ባትሪ እያበራ አሳየኝ። "ትልቁን ቁጥር ተዪው፣ 12 ቮልት የሚለውን እዪልኝ" አለኝ። ከሥሩ 22 አምፔር ይላል። ስልኩን አውጥቶ አባዛው፤ 12 ጊዜ 22፣ 264 ዋት። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚጠቡት ከዚህ ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። ቀሪው የ650 ማሟያ ኮምፒውተሩ እምብዛም የማይነካቸው የ5 እና የ3.3 ቮልት መስመሮች ድምር ነው፤ እሱም እውነት ከሆነ። "ይሄን ከገጠምኩ ሌላው ዕቃ ሁሉ ሲቃጠል ቆሜ እንዳየሁ ቁጠሪው" አለና አልገጥምም ብሎ እምቢ አለ። እኔ ደግሞ የከፈልኩበት ስለሆነ ተከራከርኩ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ግን አንድ እርምጃም አልተነቃነቀም።

እሱ ያስመረጠን 550 ዋት የሚል ነው። ቁጥሩ ከእኔው ያንሳል። ሰንጠረዡ ላይ ግን 12 ቮልቱ ብቻውን ከ500 ዋት በላይ ይሰጣል። 80 ፕላስ የሚለው ምልክትም አለው። ስለ ምልክቱም እንዳንሳሳት ነገረን። 80 ፕላስ የሚናገረው ከግድግዳው ከሚስበው ኤሌክትሪክ ቢያንስ 80 በመቶውን ሳያባክን እንደሚያደርስ ነው። ጥሩ ምልክት ነው፤ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ሾርትና ከልክ ያለፈ ጭነት ሲመጣ ራሱን የሚያጠፋ መሆኑንም ከመግለጫው ላይ አንብቦልናል።

የቀረው በፍጥነት አለቀ። ራሙ 16 ጊጋ ነው፤ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8፣ ሁለቱ ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ እንዲሠሩ። ኬዙ፣ ዕቃው ሁሉ የሚገባበት ቤት፣ ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ አየር የሚያስገባ። ወንድሜ የወደደው ፊቱ በመስታወት የታሸገና መብራት የበዛበት ነበር፤ ሲያስረዳው ተወው። በአንድ ነገር ግን እኔና ባለሙያው አልተስማማንም። እሱ ጌሞቹ የሚቀመጡበት ኤስኤስዲ ለጊዜው 500 ጊጋ ይበቃል አለ። እኔ 1 ቴራ ይሁን አልኩ፤ የዛሬ ጌም አንዳንዱ ብቻውን ከ100 ጊጋ ያልፋል። ትንሽ አሰበና "ልክ ነሽ፣ ከኬዙ የተረፈው ይበቃናል" አለ። እስከ ዛሬ በዚያ ውሳኔዬ ደስ ይለኛል።

የመገጣጠሙ ዕለት እሱ ቁጭ ብሎ አስገጣጠመው እንጂ አልገጠመለትም። ወንድሜ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር እንዲያገጥም አደረገው። "አትጫነው፣ በራሱ ክብደት ይቀመጣል" አለው። ተቀመጠም። ራሞቹን ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በ2ኛውና በ4ኛው ቦታ አስገባቸው። ሲበራ ባዮስ ውስጥ ገብተው የራሙን ፍጥነት አዩ። 2400 ይላል። የገዛነው ግን 3200 ነው። ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራውን፣ ኤክስኤምፒ የሚባለውን ማስተካከያ አስከፈተውና ተስተካከለ። ይቺን ሳያውቁ በቀነሰ ፍጥነት ዓመታት የሚጫወቱ ብዙ ሰዎች እንደገጠሙት ነገረን።

ማታ ቤት ስንደርስ ስክሪኑ ጨለመ። ምንም የለም። ወንድሜ ሊያለቅስ ደረሰ። መሽቶ ስለነበር እያፈርኩ ደወልኩ። አነሳው። "ገመዱን የት ነው የሰካችሁት?" አለ። ለካ የስክሪኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ጋር ነው ያገናኘነው። 5600 የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ከዚያ ቀዳዳ ምስል አይወጣም። "ቀጥ ብለው የቆሙትን ተዋቸው፣ ከታች ተኝተው ያሉት ላይ ሰኩት።" በራ። ስልኩን ግን አልዘጋም። ሴቲንግ ውስጥ አስገባንና ባለ 144 ኸርዝ የሆነው፣ በሴኮንድ 144 ጊዜ ምስል መቀየር የሚችለው ስክሪናችን በ60 እየሠራ እንደሆነ አገኘ። ወንድሜ 144 አድርጎት ማውሱን ሲያንቀሳቅስ ያወጣውን ድምፅ እሱም በስልክ ሰምቶ ሳቀ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ የድካሙን ዋጋ ገና ሥራ ሳይጀምር ነግሮን ነበር፤ ከዚያች አልጨመረም። በዕቃው ላይ ምንም አላተረፈም። ዝርዝሩን በእጁ ጽፎ ሰጥቶን "ሌላም ቦታ ጠይቁና አወዳድሩ" ብሎ ነው የላከን። እጁ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጠው።

ለልጃችሁ፣ ለወንድማችሁ ወይም ለራሳችሁ በውስን ገንዘብ የጌም ኮምፒውተር ለማሠራት ያሰባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅዶልኛል፣ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉልኝ ምን እንደምትጫወቱ፣ ስክሪናችሁ ምን እንደሆነና ገንዘባችሁ ምን ምን እንደሚሸፍን አብራችሁ ንገሩኝ። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ፓወር ሰፕላይ ግን ቀድማችሁ እንዳትገዙ።