ባሕር ዳር በሥራ ለምትዛወሩ፦ አንድ ደላላ ላመስግን፣ ልጠቁማችሁም

ደላላ ሲባል ፊቱ የማይጠቁር ተከራይ ጥቂት ነው። ለዚህም ነው በቀበሌ 14 አካባቢ የሚሠራውን የቤት ደላላ በአደባባይ ማመስገን የሚያስፈልገው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። አሠራሩን ግን ልጻፈው፣ እሱን ባታገኙት እንኳ ራሳችሁ ታደርጉታላችሁ።

መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ብር እንደያዛችሁ አይደለም። «ሥራህ የት ነው? ስንት ሰዓት ትገባለህ?» ይላል። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ለእንግዳ ሁሉም ቅርብ ይመስለዋል። የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች እንኳ ብትሉ ፔዳ ሌላ፣ ፖሊ ሌላ፣ ዘንዘልማ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ በጎንደር መንገድ ነው። ዘንዘልማ የተመደበውን ሐይቅ ዳር ወስዶ አያማልለውም፤ ዓባይ ማዶን ያሳየዋል። ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ለሚገባ ወደ አዴት መውጫ ያሉትን። ዓባይ ማዶን በድልድዩ መጨናነቅ የሚሸሽ ብዙ ሰው ነበር፤ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ ግን በዚያ ሰበብ ብቻ ሰፈሩን መተው ቀርቷል።

መንገዱን እሁድ ከሰዓት አትለኩት። ሰኞ ጠዋት 1፡30 ላይ ቤቱ በር ቁሙና ባጃጅ ጠብቁ፤ ማታ 1 ሰዓት ላይም እንደገና። በጋራ የሚጭን ባጃጅ የማይገባበት ቅያስ ከሆነ በየቀኑ ኮንትራት መያዝ ነው፣ ከኪራዩ የተረፈው ብር እዚያ ያልቃል።

ቤት ሲያሳይ ሳሎኑን አልፎ ከግድግዳው ግርጌ ቁጢጥ ይላል። ቀለሙ ከላይ ያረጀ፣ ከታች አንድ ክንድ ያህል ብቻ አዲስ ከሆነ የክረምት ውሃ የተሸፈነበት ነው። ቁም ሳጥን ካለ ከጀርባው እጁን ሰዶ እርጥበቱን ይዳስሳል። ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ቡናማ ክብ ካለ ቆርቆሮው ያፈሳል። ወደ ሐይቁ በቀረቡ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ የሽንት ቤት ጉድጓድ በነሐሴ ቶሎ ይሞላል፤ «ባለፈው ክረምት ስንት ጊዜ ተመጠጠ? ማን ከፈለ?» ብሎ የሚጠይቀው አከራዩን ሳይሆን የጓሮ ተከራዩን ነው። መስኮቱ ላይ የወባ ትንኝ ወንፊት መኖሩንም ያያል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ዋናው የወባ ወቅት ነው።

መብራት ላይ ነው እጅግ የማደንቀው። ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ? ታሪፉ በደረጃ ስለሆነ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል፤ ዝቅተኛው ደረጃ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ የመጨረሻው ከ500 በላይ ነው። አምስት ተከራይ 90፣ 90 ቢጠቀሙና በአንድ ቆጣሪ ቢደመሩ 450 ይሆናል፤ ትንሽ ተጠቃሚዎች ሆነው በትልቅ ተጠቃሚ ዋጋ ይከፍላሉ። ቀጥሎ ምጣድ። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ከመብራቱ ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ ከተሰካ ወይ ብሬከሩ እየወደቀ ያስቸግራል፣ ወይ ሽቦው ይግላል። ሶኬቱ ጠርዙ ከጠቆረ ወይም ከተጣመመ ምን ሲደረግበት እንደኖረ ይናገራል። ለምጣድ ብቻ የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ (ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር) ከሌለ አከራዩ እንዲያስገባ ከመፈራረም በፊት ያስማማል።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶውን አንኳኩቶ ይለካል። አራት ሰው በቀን 40፣ 40 ሊትር ቢጠቀም 160 ነው፤ ባለ 1000 ሊትሩ ስድስት ቀን ያቆያል። ሮቶው ለአራት ቤት የጋራ ከሆነ ግን አንድ ቀን ተኩል ብቻ ነው።

ወረቀቱ አጭር ነው። የቤቱ ካርታና የአከራዩ መታወቂያ ስም አንድ መሆን አለበት፤ ወኪል ከሆነ ውክልናው ይታያል። ካርታ ሳይታይ ቀብድ የለም፣ አንድን ቤት ለሦስት ሰው አከራይቶ የሚጠፋ አለና። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። የስድስት ወር ለሚጠይቁ ይኼን የሚነግርበት ለዛ አለው፤ «እትዬ፣ ሕጉ እኮ እርስዎንም ይጠብቃል» ይላል እንጂ አይጣላም። ኮሚሽኑን ቤት ከማሳየቱ በፊት ይናገራል፣ በመሃል ሌላ ደላላ ቢገባም ከራሱ ድርሻ ያካፍላል እንጂ ሁለት ጊዜ አያስከፍላችሁም።

እንከኑንም ልናገር፤ ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ በአንድ ቀን ከሦስት ቤት በላይም አያሳይም። ለቸኮለ ሰው አይሆንም። መስከረም ላይ ተማሪውም መምህሩም በአንዴ ሲገባ ቤት ስለሚጠፋ፣ በዚያ ወር የምትመጡ ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ ጻፉልኝ። ዝናብ እየዘነበ ቤት ማየቱ ደግሞ ግርጌውን ቁጢጥ ብሎ ከማየትም ይሻላል።