በወሊድ ፈቃድ ላይ ሳለሁ ታላቋ ልጄ የዋለችበት የሕፃናት ማቆያ

ይህ ግምገማ የሦስት ዓመት ሴት ልጄ ስለምትውልበት በደሴ ከተማ ስለሚገኝ አንድ የሕፃናት ማቆያ ነው። ማቆያውን የምመዝነው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ እናት አራስ ሆና ቤት በምትውልባቸው ወራት ታላቂቱን ልጅ ለማዋል ምን ያህል ይመቻል? ቅሬታም ስለማነሣ ስሙን መጥቀስ አልፈለግሁም።

አስቀድሜ ልጄን ጨርሶ ያላስወጣሁበትን ምክንያት መናገር ይገባኛል፤ ዘመድም ጎረቤትም «አንቺ ቤት እየዋልሽ ለምን ትከፍያለሽ?» ሲሉኝ ሰንብተዋልና። እኔ የግል ድርጅት ሠራተኛ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአባት የሚሰጠው ግን 3 ቀን ነው። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ስለሚሠራ ጠዋት በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ማታ ተመልሶ ይወጣል፤ ቀን ላይ በእርሱ መተማመን አልችልም። ከዚህም በላይ ማቆያው ተራ የሚጠብቁ ወላጆች ስም ዝርዝር ስላለው፣ አንድ ጊዜ የተለቀቀ ቦታ ፈቃዴ ሲያልቅ ይገኛል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነበር።

ለቦታው መጠበቂያ የተለየ ክፍያ እንዳለ ጠይቄ የለም ተባልሁ። ያለው ምርጫ ሙሉ ቀን በወር 2,800 ብር ወይም ግማሽ ቀን በወር 1,900 ብር ነው። ግማሹ ቀን የግማሽ ዋጋ አለመሆኑ በመጀመሪያ አስከፍቶኝ ነበር። ነገር ግን 18 ሕፃናትን የሚይዙት ሦስት ሞግዚቶች ልጄ በ6 ሰዓት ተኩል ስለወጣች ደመወዛቸው አይጎድልምና፣ ሒሳቡን ሳሰላው ቅር ቢለኝም አግባብነቱን ተቀብያለሁ። (የጳጉሜን አምስት ቀናት ለብቻ አለማስከፈላቸውን ግን ሳላመሰግን አላልፍም፤ የቤት ኪራይ እንኳ በዚህ ጉዳይ የሚያጨቃጭቅበት ጊዜ ነው።)

ዕቅዴ በቅድመ ወሊድ ፈቃዴ ጊዜ ልጄን ቀስ በቀስ ከሙሉ ቀን ወደ ግማሽ ቀን ማሸጋገር ነበር። ሕፃኑ ከተባለው ቀን ቀድሞ በሰኔ አጋማሽ ስለተወለደ አልተሳካም፤ እንዲህ ሲሆን በሕጉ መሠረት የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ ወዲያው ይጀምራል። ማቆያው የተመሰገነ ሥራ የሠራው እዚህ ላይ ነው። ሆስፒታል በነበርኩባቸው ሁለት ቀናት ባለቤቴ ያለ ቀጠሮ ደውሎ ልጅቱ እስከ ምሽት 12 ሰዓት እንድትቆይ ሲለምን፣ ዋናዋ ሞግዚት «አብሽር፣ እኛ አለን» ብለው ተቀበሉት፤ ተጨማሪ ክፍያም አልጠየቁም። ልጄ እርሳቸውን «እማማ» እያለች የምትጠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ግማሽ ቀን መረጥሁ፤ ጠዋት ማቆያ ትውላለች፣ ከሰዓት በኋላ ከእኔና ከወንድሟ ጋር ትሆናለች ብዬ ነበር። በወረቀት ላይ ያማረ ነገር ነበር። ነገር ግን አራስ ጠያቂ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ገንፎው ሲገነፋ፣ አብሹ ሲቀዳ፣ ሴቶቹ ሕፃኑን ሲያገላብጡ ልጄ በሩ አጠገብ ቆማ ትመለከታለች፤ ከጠያቂዎቹም አንዷ ሳትቀር «ከእንግዲህማ ተሻርሽ!» እያለች ትቀልድባት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት፣ ሌሊት መሽናት ካቆመች አንድ ዓመት ያለፋት ልጅ እንደገና ሽንቷን መልቀቅ ጀመረች። በደሴ ክረምት አንሶላ ታጥቦ ሁለት ቀን እንደማይደርቅ ለሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ማቆያውን በጠዋቱ ፈንታ ከሰዓት በኋላውን እንዲቀበሏት ጠየቅሁ፤ ልጆቹ ከምሳ በኋላ እስከ 8 ሰዓት ተኩል ስለሚተኙ መካከል ላይ የሚገባ ልጅ ሁሉንም ይቀሰቅሳል ብለው አልተስማሙም። አሳማኝ ምክንያት ነው። ከዚያ ይልቅ እማማ ራሳቸው ሌላ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከእንቅልፏ ተነሥታ እስከ 9 ሰዓት እንድትቆይ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ግን ከምሳ በፊት እንድትወጣ፣ በእነዚያ ሁለት ቀናትም እኔ ጠያቂ እንዳልቀበል። ለጠያቂ ቀን መመደብ በእኛ አገር ነውር የሚመስል ነገር ነው፤ እናቴም አጉረምርማለች። ሆኖም ልጄ ማክሰኞንና ሐሙስን «የእኔ ቀን» ብላ መጥራት ከጀመረች በኋላ አንሶላው ደረቀ። ክፍያው በግማሽ ቀኑና በሙሉ ቀኑ መካከል ተወሰነ። እንዲህ ያለ ምክር በየትኛውም የክፍያ ሠንጠረዥ ላይ አይገኝም፤ እኔም ማቆያውን ለሌላ ነፍሰ ጡር እናት የምጠቁመው ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

ዋናው ቅሬታዬ ሕመምን ይመለከታል። ደንባቸው ትኩሳት ያለበትን ልጅ ወደ ቤት ይመልሳል፤ ትኩሳት የሌለው ሳል ግን አያስከለክልም። በሌላ ጊዜ ቢሆን አልቃወምም ነበር፤ በክረምት የማይስል ሕፃን ብቻ ይግባ ቢባል ማቆያው ባዶውን ይውላል። አራስ ያለበት ቤት ግን የተለየ ነው። ሕፃን ሲወለድ ከሚሰጡት መካከል የሳንባ ነቀርሳና የመጀመሪያው የፖሊዮ ክትባት ሲገኙ፣ ትክትክን የሚከላከለው ክትባት የሚጀመረው በ6ኛው ሳምንት ነው፤ ከዚያም በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይደገማል። ስለዚህ በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት በክፍሉ የሚስል ልጅ ሲኖር እንዲነግሩኝ ለምኜ፣ እነርሱም እሺ ብለው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሁለት ልጆች ለቀናት ሲስሉ መሰንበታቸውን የሰማሁት ከሌላ እናት ነው። የእኔዋም ሳለች፤ አራሱ ሁለት ሌሊት አፍንጫው ተዘግቶ ጡት መሳብ አቅቶት አደርን። ወደ ከፋ ነገር አልሄደም። አቤቱታ ሳቀርብ ኃላፊዋ ሳይከራከሩ ይቅርታ ጠየቁ፤ ከዚያ ወዲህ በር ላይ በተቀመጠ ደብተር የዕለቱን የሳልና የተቅማጥ ሁኔታ ይጽፋሉ። መልካም ነው፤ ግን ለማጻፍ የእኔ ሁለት ሌሊት ማስፈለግ አልነበረበትም። በበኩሌ ልጄ ከማቆያ ስትመጣ ልብሷን በር ላይ ቀይራና እጇን በሳሙና ታጥባ ነው ወንድሟን የምትነካው።

ሁለተኛው ቅሬታ የመውሰጃው ሥርዓት ነው። ልጅን መውሰድ የሚፈቀደው ለወላጆችና ስሙ ለተመዘገበ አንድ ሌላ ሰው ብቻ ነው። የጥንቃቄውን ዓላማ እደግፋለሁ። ሆኖም ባሏ ኮምቦልቻ ለሚውል አራስ አንድ ሰው አይበቃም፤ የተመዘገበችው እህቴ በታመመች ዕለት፣ በወለድሁ በ20ኛው ቀን፣ በሐምሌ ዝናብ ሕፃኑን ታቅፌ በባጃጅ ለመሄድ ተገድጃለሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ በመዘግየቴም 50 ብር ከፈልሁ። ሁለት ሰው ማስመዝገብ ቢፈቀድ ደኅንነቱ የሚላላበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ቀረው ነገር በአጭሩ፦ ቁርስ ላይ ቂንጬና ሻይ ይሰጣሉ፤ ምሳ ከቤት ይቋጠራል። ክፍሎቹ ንጹሕ ናቸው፤ የሚተኙበት ክፍል ግን በክረምት ስለሚቀዘቅዝ ተጨማሪ ብርድ ልብስ መላክ ያስፈልጋል። ግቢው ሲሚንቶ ስለሆነ ዝናብ ሲዘንብ ያንሸራትታል፤ በዚያን ጊዜ ልጆቹን አያወጧቸውም።

ፈቃዴ ሲያልቅ ልጄ ወደ ሙሉ ቀን ተመልሳለች፤ ቦታዋም ተጠብቆላት አግኝታለች። ኃላፊዋን የሁለተኛውን ሰው ጉዳይ በድጋሚ ጠይቄያቸው «እናስብበታለን» ብለውኛል፤ እስካሁን በመዝገቡ ላይ ያለው የእህቴ ስም ብቻ ነው።