ስሙ የጠፋን ዘፈን ለመፈለግ፦ ሻዛም እና ጉግል

ስሙ ጠፍቶባችሁ ዜማው ብቻ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ለሚዞርባችሁ ሰዎች ነው የምጽፈው። ዘፈኑ እየተጫወተ ከሆነ ሻዛም የሚባለው የስልክ አፕ በጣም አሪፍ ነው፣ ታክሲ ውስጥ በዛ ሁሉ ጫጫታ መሀል እንኳን በሰከንዶች ስሙን ያወጣዋል፣ ምክንያቱም የድምፁን አሻራ ወስዶ ካለው ክምችት ጋር ነው የሚያመሳስለው፣ ስለዚህ ያው የተቀዳው ራሱ መሆን አለበት እንጂ እናንተ ብትዘፍኑለት አይሆንም። ብሮክን ፍላወርስ የሚለው በፈረንጆቹ የ2005 ፊልም ላይ ያለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የማነው ብላችሁ የምትከራከሩ ካላችሁም ስልካችሁን አስጠጉት፣ የኛው ሙላቱ አስታጥቄ ነው፣ ስሙ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ እንዴት ደስ እንደሚል!

ለማንጎራጎር ግን ጉግል ይሻላል። በፈረንጆቹ ከ2020 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ የጉግል አፕ ላይ ማይኩን ነክታችሁ ዘፈን ፈልግ (Search a song) የሚለውን መምረጥ፣ ከዛ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ እም እም ማለት ወይ ማፏጨት ብቻ፣ ድምፃችሁ ባያምርም ችግር የለውም የዜማውን አካሄድ ነው የሚያየው።

ካሴት ላይ ብቻ የቀሩ የድሮ ዘፈኖች ግን ኢንተርኔት ላይ ስላልተጫኑ በአፕ አይገኙም፣ ለነሱ የድሮ ካሴት ቤት ፈልጉ፣ ባለቤቶቹ አንድ መስመር ሰምተው ዘፋኙንም ባንዱንም ይነግሯችኋል እኮ።