ኤስኪውላይት፦ ሁለት ዓመት ከተጠቀምኩበት በኋላ

ለአጎቴ መለዋወጫ ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ ስሠራ የመረጥኩት ዳታቤዝ ኤስኪውላይት ነው። ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው፣ ነፃ የሆነ፣ ሰርቨር የማይፈልግ። ዳታው ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ስልካችሁ ውስጥም አለ።

በጣም የወደድኩት በንብርብር መሠራቱን ነው። የላይኛው ክፍል የጻፋችሁትን ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ) አንብቦ ወደ ትንንሽ ትእዛዞች ይቀይረዋል፣ ትእዛዞቹን ቨርቹዋል ማሽኑ ያስኬዳቸዋል፣ ከሱ ሥር ቢ-ትሪው (መረጃውን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያደራጀው ክፍል) መረጃው የትኛው ገጽ፣ ማለትም የትኛው የፋይሉ ቁራጭ ላይ እንዳለ ይፈልጋል፣ ከሱ በታች ደግሞ ፔጀሩ ገጾቹን ከፋይሉ ያነባል፣ ይጽፋል። ጥያቄያችሁ ፊት «ኤክስፕሌይን» ጨምሩና ትእዛዞቹን መስመር በመስመር እዩአቸው፣ ደስ ይላል!

አንድ ቀን ሽያጭ እየመዘገብን መብራት ድርግም አለ። ሲመለስ በፍርሃት ከፈትኩት። ያላለቀው ሽያጭ የለም፣ ከሱ በፊት የተመዘገበው ግን አንድም አልጎደለም። ፔጀሩ ገጹን ከመቀየሩ በፊት የድሮውን ይዘት «ጆርናል» የሚባል ሌላ ፋይል ላይ ስለሚያስቀምጥና ሥራው ከተቋረጠ ከዚያ ስለሚመለስ ነው።

ጉድለቱ፣ በአንድ ጊዜ መጻፍ የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ብዙ ካሸር ከተለያየ ኮምፒውተር የሚመዘግብበት ቦታ ከሆነ ፖስትግሬስ (በሰርቨር የሚሠራ ሌላ ዳታቤዝ) ይሻላችኋል። ለአንድ ካውንተር ሱቅ ግን ዓይናችሁን ሳታሹ ውሰዱት።